ሽጉጥ ከኢላማው በላይ ሲመታ፦ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰው ስህተት

በምትሠሩበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ «ረማያ» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አትቀሩም። የተኩስ ስፖርት ማለት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በዚሁ ስፖርት ነው፤ አሕመድ ቢን ሐሽር አል መክቱም እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በጠመንጃ ተኩስ ወርቅ ወሰደ። ዛሬ የምናነሳው ግን ሽጉጥን ነው፤ አንዳንዴም በቤት ውስጥ የሚገኘው እሱ ስለሆነ።

ከስሙ እንጀምር። ዓረቦች ሽጉጥን «ሙሰደስ» ይሉታል። ቃሉ ከእኛ «ስድስት» እና ከፊደላችን «ሳድስ» ጋር አንድ ሥር አለው። ስያሜው የመጣው ስድስት ጥይት ከሚይዘው ባለ ተሽከርካሪ ጎራሽ ሽጉጥ፣ ከሪቮልቨር ነው። ዛሬ ግን ለማንኛውም ሽጉጥ ይውላል። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመችው የፊት ማነጣጠሪያ «ሸዒራ» ትባላለች፤ የገብስ ፍሬ ማለት ነው። በተኳሹ ዓይን በኩል ያለው ቆረጥ ያለ የኋላ ማነጣጠሪያ ደግሞ «ፉርዳ» ነው። ተኳሹ የገብሷን ፍሬ በቆረጣው መካከል አስገብቶ፣ አናታቸውን እኩል አድርጎ ያነጣጥራል።

ሁሉን በትክክል አድርጎም ጥይቱ ከኢላማው በላይ ቢያርፍስ? ደንቡ ቀላል ነው። ጥይቱ የኋላውን ማነጣጠሪያ ይከተላል፤ ከፊተኛው ይቃረናል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የሚመታ ሽጉጥ የኋላው ዝቅ፣ ወይም የፊቱ ከፍ ማለት አለበት።

በስንት? ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ጥይቱ ከፍ ያለበት መጠን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት ይባዛል፤ ከዚያ እስከ ኢላማው ላለው ርቀት ይካፈላል። በ25 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በማነጣጠሪያዎቹ መካከልም 20 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ የሚያስፈልገው እርማት 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እጅ ላይ የማይታይ ነገር ኢላማው ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ሆኖ ይወጣል።

ዓረቦች ይህን ማስተካከል «ተስፊር» ይሉታል፤ «ሲፍር» ከሚለው፣ ማለትም ከባዶ ቁጥር። እኛ «ዜሮ» የምንለውም መነሻው ይኸው «ሲፍር» ነው፤ በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ መጣ።

የሠለጠነ ተኳሽ ግን ወደ ብሎኑ አይቸኩልም። መጀመሪያ ክንዱን በተደላደለ ነገር ላይ አስደግፎ አምስት ያህል ጥይት ይተኩሳል፤ አንድ ጥይት ምስክር አይሆንም። የፊቷ ማነጣጠሪያ ከቆረጣው በላይ ወጥታ እንደሆነ ይመረምራል፤ ይህ ከተኳሹ እንጂ ከሽጉጡ አይደለም። ጥይቱንም ያያል። በሪቮልቨር ከባድና ዘገምተኛ ጥይት ብዙውን ጊዜ ከቀላልና ፈጣን ጥይት ከፍ ብሎ ይመታል። ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፤ ዘገምተኛው ጥይት ደግሞ ሳይወጣ ስለሚቆይ አብሮ ከፍ ይላል። በ.38 ስፔሻል 158 ግሬን የሚመዝነውን ትቶ 125 ግሬኑን መተኮስ ብቻ ችግሩን ሊያቃልለው ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የኋላውን ማነጣጠሪያ በብሎን ማውረድ ነው፤ ጥቂት አዙሮ፣ ተኩሶ፣ እንደገና አይቶ። እንደ 1873ቱ ኮልት ያሉት ግን ብሎን የላቸውም፤ የኋላ ማነጣጠሪያቸው በብረቱ አናት ላይ የተቦረቦረ መስመር ነው። ዝቅ ብሎ የሚመታ ከሆነ የፊቷን በሞረድ ማሳጠር ይበቃል። ከፍ ብሎ ለሚመታው ግን ሞረድ መድኃኒት አይሆንም፤ ሞረድ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ በባለሙያ ማስገጠም ግድ ነው።

እህቶቼ፣ ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል ብትሉ፦ ስታጸዱ መሳቢያ ውስጥ ወይም ትራስ ሥር ሽጉጥ ብታገኙ አትንኩት፣ አታንሱት፣ አቧራውንም አትጥረጉ። ለማጽዳት ተብሎ የተነካች ትንሽ ብሎን ኢላማውን ታዛባለች፤ «ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄም ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው፦ ሪቮልቨር ጥይቱን የሚይዘው በተሽከርካሪው ጎራሽ ውስጥ ስለሆነ የሚነቀል ካዝና የለውም፤ ካዝና ስላላያችሁ ባዶ ነው አትበሉ። ብዙዎቹም በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ የላቸውም። ልጆቹን ከክፍሉ አውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ወዲያው ማዳምን ወይም ባባን ጥሩ። የምትሉት አጭር ነው፦ «ፊ ሙሰደስ ሂና፣ ማ ለመስቱ»። እዚህ ሽጉጥ አለ፣ አልነካሁትም።