የሶላር ፓነል መቆሚያ፦ በመሬት ላይ የሚተከልና የሚስተካከል መቆሚያ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይተከላል?



የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ገጠሮች የቲሞችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች፣ ለቁርኣን ማስተማሪያ ቤቶችና ለአነስተኛ የውኃ ጉድጓዶች ሶላር ፓነል ገዝተው የሚለግሱ ወገኖች አሉ። ለጋሹ ስለ ፓነሉ ዋት፣ ስለ ባትሪው ዕድሜና ስለ አምፖሎቹ ቁጥር ደጋግሞ ይጠይቃል። ፓነሉ በምን ላይ እንደሚቆም ግን እምብዛም አይጠየቅም። ዕቃው መንደሩ ከደረሰ በኋላ በተገኘው እንጨት ላይ በሽቦ ይታሰራል፤ አለዚያም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንዲሁ ይጋደማል። ብርቱ ነፋስ የመጣ ዕለት እንጨቱ ይወድቃል፣ የፓነሉም መስተዋት ይሰነጠቃል። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ፓነል ለጥቂት ጊዜ ኃይል ቢሰጥ እንኳ እርጥበት እየገባበት ይበላሻል፤ ተጠግኖም ወደ ነበረበት አይመለስም። ልጆቹም በኩራዝ ወደ ማጥናት ይመለሳሉ። ስለዚህ የመቆሚያው ነገር ከፓነሉ ግዢ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ጉዳይ ነው።

ከጣሪያ ይልቅ መሬት ለምን ይመረጣል?

የሣር ክዳን ቤት ፓነል አይሸከምም። የቆርቆሮ ክዳንም ቢሆን ማገሩ ካረጀ በነፋስ ጊዜ ከነፓነሉ ሊገነጠል ይችላል። ከዚህም ሌላ ፓነል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፤ የፓነሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። በጋለ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ ፓነል ከሥሩ አየር ስለማያገኝ ኪሳራው የበለጠ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጉዳዩ የአቧራ ነው። በበጋ ወራት በገጠር መንገድ አጠገብ ያለ ፓነል በጥቂት ቀናት ውስጥ አፈር ይለብሳል። የቲሞችን የምታሳድግ አያት ጣሪያ ላይ ወጥታ ልትጠርገው አትችልም፤ ልጅ ማውጣትም አደጋ አለው። በመሬት ላይ የቆመውን ፓነል ግን ማለዳ፣ ገና ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች። የመሬት መቆሚያ ትልቁ ጥቅም፣ በእኛ አመለካከት፣ ይኸው ነው፤ ማዘንበሉን ማስተካከል መቻሉ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በእርግጥ መሬት የራሱ ጣጣ አለው። ፍየል ትወጣበታለች፣ ከብት ይታከክበታል፣ የልጆች ኳስ ያርፍበታል፣ ሌባም በቀላሉ ይደርስበታል። አብዛኛው በእሾህ አጥርና በቦታ ምርጫ የሚቃለል ነው። የታጠረ ግቢ የሌለው ቤተሰብ ከሆነና ጣሪያው ጠንካራ ከሆነ ግን ጣሪያውን መምረጥ ተገቢ ይሆናል።

ፀሐይ በአገራችን የት ትውላለች?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተዘጋጁ መመሪያዎች አንድ የታወቀ ቀመር አላቸው፦ ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙሩ፤ ያላችሁበትን ኬክሮስ ያህል አዘንብሉት፤ በብርዱ ወቅት 15 ዲግሪ ጨምሩ፣ በሙቀቱ ወቅት 15 ዲግሪ ቀንሱ። ቀመሩ በ39 ዲግሪ ሰሜን ላይ ለምትገኘው ለዋሽንግተን ይሠራል። ኢትዮጵያ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ናት። ከ9 ላይ 15 ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ይኸውም በዚያ ወቅት ፓነሉ ፊቱን ወደ ሰሜን ማዞር አለበት ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን እናስታውሳችሁ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ግንቦት 19 ወይም 20 እና ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን፣ በመካ ቀትር ላይ ልክ በካዕባ አናት ትሆናለች። በዚያች ቅጽበት ፀሐይን የሚያይ ሰው ወደ እርሷ ቢዞር ወደ ቂብላ ዞሯል። ይህ የሚሆነው መካ በ21 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ነው። በ9 ዲግሪ አካባቢ በሚገኙት በአዲስ አበባና በሐረር ደግሞ ፀሐይ በአናት የምታልፈው ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ቀን ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትውላለች፤ ሰኔ 14 ቀን ከአናት 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ትታያለች። በታኅሣሥ 12 ገደማ ግን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሰኔ ቀትር የሰው ጥላ ወደ ደቡብ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለአውሮፓ ሰማይ ታስቦ በ45 ዲግሪ ተበይዶ የቀረ መቆሚያ ከባሕር ማዶ ተልኮ ሐረር ላይ ወደ ደቡብ ቢተከል፣ ጥርት ባለ የሰኔ ቀትር ሊያገኝ ከሚችለው ቀጥተኛ ብርሃን ግማሽ ያህሉን ያጣል። ከውጭ የምትልኩ ወገኖች ፓነሉን እንጂ ይህን ዓይነቱን መቆሚያ ባትልኩ ይመረጣል።

ማስተካከሉ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሻጮች እንደሚሉት ብዙ አይደለም። በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ዓመቱን ሙሉ በ10 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ የተተከለ ፓነል በአብዛኛው መልካም ይሠራል። በታኅሣሥ ወር ማዘንበሉን ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ማድረግ በጠራ ቀን ከሰባት እስከ ስምንት በመቶ የሚሆን ጭማሪ ይሰጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲታሰብ ጭማሪው ከዚያ ያነሰ ነው። ባለ 100 ዋት ፓነል በመልካም የበጋ ቀን 400 ዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል ብንል፣ ጭማሪው 30 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ለከተማ ሰው ኢምንት ሊመስል ይችላል። ለአንድ የገጠር ቤት ግን ባለ 5 ዋት አምፖል ስድስት ሰዓት የሚያበራ ነው፤ ይኸውም የአንድ ምሽት ጥናት ማለት ነው።

ስለዚህ ለ9 ዲግሪ አካባቢ ሁለት አቀማመጥ ይበቃል፦ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ 25 ዲግሪ ወደ ደቡብ፣ በቀረው ጊዜ 10 ዲግሪ ወደ ደቡብ። በደጋው ክረምት ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈንና ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ወደ ሰሜን ማዞሩ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ማጋደም ግን አይመከርም፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ የሚወስደው ፓነሉ ዘንበል ሲል ነው። በቦረናና በሶማሌ ክልል ቆላማ አካባቢዎች ሁኔታው ይለያል። በዚያ ዋነኞቹ የዝናብ ወራት ሌሎች ናቸው፤ ሞያሌ ላይ ደግሞ የሰኔ ፀሐይ ከአናት 20 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ የታኅሣሥ ፀሐይ 27 ዲግሪ ወደ ደቡብ ትርቃለች። በእነዚህ ቦታዎች፣ በተለይም ለውኃ ፓምፕ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያዘነብል መቆሚያ ዋጋውን ያወጣል።

የመቆሚያው ዓይነትና ብረቱ

ለአንድ ባለ 100 ዋት ፓነል አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ተተክሎ በአናቱ ላይ ፓነሉን የሚይዝ ክፈፍ ቢታሰርበት ይበቃል። ክፈፉ ከመካከሉ በቡሎን ስለሚያያዝ ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ማዘንበል ይቻላል። ለትላልቅ ፓነሎች የሚስማማው ግን አራት እግር ያለው ነው፦ የፊተኞቹ ሁለት አጫጭር እግሮች ማጠፊያ ሲኖራቸው፣ የኋለኞቹ አንዱ ቱቦላሬ በሌላው ውስጥ የሚገባባቸውና ቀዳዳዎች የተበሱላቸው ይሆናሉ። ቡሎኑን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ወደ ሌላው በማስገባት የኋላው ጠርዝ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህን ማንኛውም መልካም የብረታ ብረት ባለሙያ ሊሠራው ይችላል።

ዲግሪ መለኪያ መሣሪያ ባይኖርም በሜትር መለካት ይቻላል። ከታችኛው እስከ ላይኛው ጠርዝ አንድ ሜትር በሆነ ፓነል፣ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 17 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ማዘንበሉ 10 ዲግሪ ነው፤ 42 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 25 ዲግሪ ነው። የፓነሉ ርዝመት ሁለት ሜትር ከሆነ ቁጥሮቹን በሁለት ማባዛት ነው። ቀዳዳዎቹ በዚሁ መሠረት ከተበሱ በኋላ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው።

ብረቱ ጋልቫናይዝድ ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ ብየዳው ሁሉ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ የቱቦላሬውም አፍ ውኃ እንዳያስገባ ይደፈን። የፓነሉ ክፈፍ አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረት ጋር በቀጥታ ሲነካካ በእርጥበት ጊዜ ይበላል፤ በመካከላቸው ቁራጭ ጎማ ማስገባት ይህን ይከላከላል። ፓነሉ የሚታሰረው ፋብሪካው በክፈፉ ላይ በበሳቸው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። አዲስ መብሳት ክፈፉን ያዳክማል፣ ዋስትናውንም ያሳጣል። ብየዳውም ሁሉ ፓነሉ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት።

ቦታና አቅጣጫ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይፈለግ። የፓነል ሴሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ መስመር የተያያዙ በመሆናቸው የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ከስፋቷ እጅግ የበለጠ ኃይል ታሳጣለች። በታኅሣሥ ወር በጠዋቱ 3 ሰዓት የዛፍ ጥላ የቁመቱን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ 6 ሜትር ከሆነ ዛፍ ቢያንስ 9 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ዛሬ አጭር የሆነ ባሕር ዛፍ በሦስት ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስም ይታሰብ።

የሰሜንና የደቡብን መስመር ለማግኘት ቀጥ ያለ ዱላ በቱንቢ አስተካክሎ ማቆም ነው። የዙህር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከሰማይ መካከል ዘንበል ስትል በመሆኑ፣ በአካባቢው የሰላት ሰሌዳ ላይ ከተመለከተው የዙህር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ የዱላው ጥላ እጅግ ያጥራል፤ ያን ጊዜ የተኛበት መስመር ሰሜን ደቡብ ነው። ኮምፓስም ይሠራል፤ ነገር ግን ከብረቱ አጠገብ ከተያዘ ያሳስታል።

መሠረቱና ነፋሱ

እዚህ ላይ ቁጠባ አያስፈልግም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት በተገተረ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 47 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይጭናል። ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል የሚሆን ትልቅ ፓነል እንግዲህ ከአንድ ኩንታል በላይ ግፊት ሊያርፍበት ይችላል፤ የራሱ ክብደት ግን 25 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ከኋላ ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሣው ነፋስ ነው። ስለሆነም እግሮቹ በድንጋይ ተደግፈው ሳይሆን በኮንክሪት ውስጥ መቀበር አለባቸው። 40 በ40 ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ኮንክሪት ሲሞላ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመዝናል። ልኩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ነው። እግሩ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ከቆመ በኋላ ኮንክሪቱ ለሰባት ቀናት ውኃ ይጠጣ፤ ፓነሉ ከዚያ በፊት አይጫን። በጥቁር አፈር ላይ ግን አፈሩ በዝናብ እየነፋ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረቱን ስለሚያናጋ ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል።

የፓነሉ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የዝናብ ጭቃ አይረጭበትም፤ ለማበስም እጅ ይደርስበታል።

ሽቦውና ጥንቃቄው

ፓነሉን ከቤት ማራቅ በሽቦ ይከፈላል። በባለ 12 ቮልት ሥርዓት ባለ 100 ዋት ፓነል ከቤቱ 20 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢያያዝ፣ በሙሉ ፀሐይ ከኃይሉ ወደ ዘጠኝ በመቶ የሚጠጋው በመንገድ ላይ ይጠፋል። በማስተካከል የተገኘው ሁሉ ሄደ ማለት ነው። ርቀቱን ወደ 10 ሜትር ማሳጠርና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መጠቀም ኪሳራውን ከሦስት በመቶ በታች ያደርገዋል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከቁፋሮ ርቆ ይቀበር።

ፓነል ብርሃን እስካረፈበት ድረስ አይጠፋም። ማዘንበሉን ለመቀየር ሲፈለግ መስመሩ ተቋርጦ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ ፓነሉን ይዞ ሌላው ቡሎኑን ይንቀል። ለውኃ ፓምፕ በተከታታይ የተያያዙ ብዙ ፓነሎች ግን መቶዎች ቮልት ስለሚይዙ ከባለሙያ በቀር ማንም እንዳይነካቸው፣ ልጆችም እንዳይቀርቡ መታጠር አለባቸው።

ለለጋሾች የምናሳስበው፣ ከመግዛታችሁ በፊት በዚያ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ቡሎን ሊፈታና ሊያስር የሚችል ሰው መኖሩን እንድትጠይቁ ነው። ከሌለ በ10 ዲግሪ ላይ የተበየደ ቋሚ መቆሚያ ተመራጭ ነው፤ የሚተርፈውም ገንዘብ ለወፍራም ሽቦ ይዋል። ካለ ግን የጥቅምትና የየካቲት ቀናት ከቀዳዳዎቹ ቀለም ጋር በወረቀት ተጽፈው ከባትሪው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ ቡሎኑን የሚፈታው ቁልፍም በዚያው በምስማር ይንጠልጠል። ቡሎኖቹ ከተተከሉ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እንደገና ይጥበቁ።