የመንዙማ ቃሉ ተጽፏል፤ ዜማውስ?

ከሪያድ አሮጌ ማእከል በስተደቡብ፣ ከባጥሓና ከመንፉሓ ብዙም በማይርቀው ጉበይራ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች ለሥራ የመጡ ሰዎች በጉርብትና ይኖራሉ። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሙስሊም መንዙማ የነቢዩ ﷺ ውዳሴ ብቻ ሳይሆን የትውልድ ቀየውም ድምፅ ነው። ድሮ በሐድራ ተቀምጦ ከሸኾች አፍ ይቀበለው የነበረውን ዜማ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ከስልኩ ያደምጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ዜማው ሳይዛባ ወደ ልጆቹ የሚሻገረው በምን መንገድ ነው?

ቃሉን በሚመለከት የወሎ ዑለማ መልሱን ቀድመው ሰጥተዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር፣ ረሒመሁላህ፣ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዓጀም፣ ጽፈው አቆይተዋል። በዚህም ምክንያት ግጥሙ ከባለቤቱ በኋላ ሊነበብ ችሏል። ዜማው ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ። ዐዋቂው ሲያልፍ ወረቀቱ ይቀራል፤ ድምፁ ግን አብሮት ይቀበራል።

በአውሮፓ የዳበረው የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ሊጠቅም የሚችለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። መሠረታዊ ቃላቱ ስለ ማንኛውም ድምፅ አራት ነገሮችን ይጠይቃሉ፤ ምን ያህል ይቀጥናል ወይም ይወፍራል? ምን ያህል ይቆያል? ምን ያህል ይጎላል? ቀለሙስ ምን ይመስላል? ስለ ቅጥነትና ስለ ቆይታ የሚጠይቁት ሁለቱ ከተመለሱ ዜማን በወረቀት ላይ ማስፈር ይጀመራል።

የድምፅ ቅጥነት የሚለካው በሰከንድ ውስጥ በሚፈጠረው ንዝረት ብዛት ነው። ዛሬ ለመቃኛ የሚያገለግለው “ላ” የተባለው ድምፅ 440 ጊዜ ይነዝራል። ንዝረቱ በእጥፍ አድጎ 880 ሲሆን ጆሮ ያንኑ “ላ” በቀጠነ መልኩ ይሰማዋል። ይህ ርቀት ኦክታቭ ይባላል፤ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ደረጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የተባሉት ሰባት ስሞች በእነዚህ ደረጃዎች ላይ የተቀመጡ ምልክቶች ናቸው። በጽሑፍ ጊዜ አምስት አግድም መስመሮች ይሰመራሉ፤ ኖታው ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል።

ስለ ቆይታ ደግሞ ተጅዊድ የተማረ ሰው ሐሳቡን አስቀድሞ ያውቀዋል። መድ ጠቢዒ 2 ሐረካ፣ መድ ላዚም 6 ሐረካ ይረዝማል። ቀሪው ቢፈጥንም ቢዘገይም አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ መሆኑ አይለወጥም። ኖታም እንዲሁ ነው። ሙሉው ኖታ የግማሹን ሁለት እጥፍ፣ የሩቡን አራት እጥፍ ይቆያል፤ ሰከንዱን የሚወስነው የአዜያዜሙ ፍጥነት ነው። ቁርኣን ሙዚቃ አይደለም፤ በሙዚቃ ሕግም አይለካም። ምሳሌው የመጣው ንጽጽራዊ ልኬት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብቻ ነው።

ከድምፆች መካከል ተመርጠው ዜማ የሚሠራባቸው ስብስብ ቅኝት ይባላል። የተለመደው የአውሮፓ ቅኝት ሰባት ድምፆች ሲኖሩት፣ የታወቁት የኢትዮጵያ ቅኝቶች አምስት አምስት ናቸው። ትዝታ በአንደኛው ዓይነቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ዶን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬን፣ ፋን፣ ሶልን፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላን ይይዛል። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸው ደግሞ የመንዙማውን አገር ሰዎች ያስደስታል።

ይሁን እንጂ መለኪያው ገደብ አለው። የ12ቱ ደረጃዎች ክፍፍል ሁሉንም ድምፅ አይዝም። ራስት በተባለው የዐረቦች መቃም ሦስተኛው ድምፅ በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል፤ በ1932 እ.ኤ.አ. በካይሮ የተካሄደው የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ከተወያየባቸው ጉዳዮች አንዱም ይኸው የሩብ ድምፅ ነገር ነበር። የመንዙማ ባለሙያም ድምፁን ሲያንሸራትትና ሲያርገበግብ በእርከኖች መካከል ያልፋል። ያንን በፒያኖ ቁልፍ ልክ ብቻ የጻፈ ሰው ዜማውን ጠበቅሁ ሲል “አርሞት” ያልፋል፤ ቀጣዩም ትውልድ የታረመውን እንደ ዋናው ይማራል። እንደዚሁም የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ማስማማት የአውሮፓ ሙዚቃ ትልቅ ክፍል ቢሆንም፣ አንዱ አውጥቶ ጀማዓው በሚቀበለው መንዙማ ላይ የግድ መጨመር የለበትም። መጻፍ ሌላ፣ መለወጥ ሌላ ነው።

ድምፅን መለካትና መጻፍ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አልኪንዲ፣ በኋላም በ950 እ.ኤ.አ. ያረፈው አልፋራቢ ስለ ሙዚቃ ዕውቀት ሰፊ ድርሳናት ጽፈዋል። በ1294 እ.ኤ.አ. ያረፈው ሰፍዩዲን አልኡርመዊ የድምፁን ደረጃ በፊደል፣ ቆይታውን በቁጥር አመልክቷል። በሳዑዲ ዐረቢያም በግብጽ ሙዚቃ የተማረው ጣሪቅ ዐብዱልሐኪም (1920–2012 እ.ኤ.አ.) ለአገሩ ዜማዎች በኖታ መጻፍ ፈር ቀዷል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በባህል ሚኒስቴር ሥር የሙዚቃ ባለሥልጣን ተቋቁሟል።

በሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ በዑለማ ዘንድ የቆየ ክርክር መኖሩ የታወቀ ነው። የድምፅ ልኬት ቃላት ግን ያለ መሣሪያም፣ ለሰው ድምፅና ለጭብጨባ ብቻም ያገለግላሉ። ስለዚህ በስደት ያለው መንዙማ ወዳድ ሥራውን ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል፤ ዐዋቂ አባቶችን አስፈቅዶ መቅረጽ፣ ከቅጂው ጋር የአዜያዜሙን አካባቢ፣ ዜማውን ያስተማረውን ሸኽ፣ ምቱንና ቅኝቱን መመዝገብ፣ ኖታውን በባለሙያ ማስጻፍ፣ በመጨረሻም የተጻፈውን ለዚያው አባት መልሶ አሰምቶ ማረጋገጥ። ወረቀቱ መምህሩን አይተካም፤ መምህሩ ባለፈ ጊዜ ግን ልጁ ባዶ እጁን እንዳይቀር ያግዛል።