«በእጅ»፣ «በጣት»፣ «ያለ ቁልፍ»፦ ከካንዴላ አለዋወጥ መመሪያ ትርጉም የተገኘ ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ቤንዚን ሞተር ጥገና የተጻፈ አንድ አነስተኛ መመሪያ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተጠይቀን ነበር። መመሪያው የታሰበው በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ጋራዦች በልምድ ለሚሠለጥኑ ወጣቶች ነው። ሥራውን ቀላል አድርገን ነበር የገመትነው፤ ነገር ግን ስለ ካንዴላ አለዋወጥ የሚናገረው ምዕራፍ ብቻውን ከቀሩት ምዕራፎች ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በዚያ ምዕራፍ የገጠሙንን የስያሜና የአገላለጽ ችግሮች ነው።

በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ዕቃው ምን ተብሎ ይጠራ የሚል ነበር። ከመካከላችን «ብልጭታ ሰጪ» ይባል ያሉ ነበሩ፤ «ለኳሽ» የሚለውን የመረጡም አልጠፉም። ሁለቱም ፍቺን በሚገባ ያሳያሉ። ሆኖም ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ጋራዦች አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም የሚያውቀው ካንዴላን ነው። ቃሉ የጣልያንኛ ሲሆን ጥንተ ፍቺው ሻማ ማለት ነው። ፈረንሳይኛው ቡዢ፣ ጀርመንኛው ኬርዝ፣ ሩስኛው ስቬቻ ይህንኑ ዕቃ የሚጠሩት በሻማ ስም ነው፤ ከዚህ የሚለየው «መሰኪያ» ወይም «ውታፍ» በሚል ስሜት የሚጠራው እንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ ከሩስኛ ወይም ከፈረንሳይኛ የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላቱን ብቻ አምኖ «ሻማውን ፍታ» ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም። ሻማ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ቃል መሆኑን ስናስብ ደግሞ አንዱን ውሰት በሌላ ውሰት መተካት የሚያስገኘው ጥቅም አይታየንም። ካንዴላ እንዲጸና ወሰንን።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጋራዥ ጣልያንኛ ጥቂት ብንል ከርእሳችን የራቀ አይሆንም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ ከቀሩት ጣልያናውያን መካኒኮች የተወረሱት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ሥርዓት ይዘው ነው። መድረሻቸው «አ» የሆነው ባብዛኛው እንዳሉ ቀርተዋል፤ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ፒንሳ፣ ማርሚታ የዚህ ምሳሌ ናቸው። መድረሻቸው «ኦ» ወይም «ኤ» የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻውን ጥሏል፤ ፍሬኖ ፍሬን፣ ኮፋኖ ኮፈን፣ ቡሎኔ ብሎን ሆነዋል። ዳዶና ካቻቢቴ ከዚህ ሥርዓት ወጥተዋል። ካሜራ ዳሪያ «ካላማዳሪ» ሲሆን «ረ» ወደ «ለ» የተለወጠው ሁለት «ረ» በአንድ ቃል እንዳይገናኙ ነው ብለን እንገምታለን። ይህን ያህል በአፍ የታሸ ቃል ባዕድ ነው ብሎ ከመዝገበ ቃላት ማስወጣት አስቸጋሪ ይመስለናል።

ሁለተኛው ችግር መመሪያው ከሚጠቅሳቸው መኪናዎች የመጣ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተሠሩ፣ መካከለኛ አካል ላይ ታላቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተጫነባቸው መኪናዎች ነበሩ፤ በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ብዙ ጊዜ የዚህ ወገን መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። የአገሩ ሰዎች ስያሜውን ከጡንቻ አውጥተውታል። እኛም «ጡንቸኛ መኪና» ብለን ነበር። ነገር ግን ጡንቸኛ በአማርኛ ጉልበቱን መከታ አድርጎ ደካማውን የሚገፋ ሰው ነው፤ አንባቢው ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ነጂው ጠባይ የተነገረ ሊመስለው ይችላል። «ባለ ብርቱ ሞተር» ብለን አለፍነው፤ ውበት የለውም፤ አያሳስትም ግን።

በእነዚህ መኪናዎች ካንዴላ መለወጥ የሚያስቸግረው ሞተሩ የኮፈኑን ሥር ሞልቶት ስለሚይዝ ነው። ካንዴላዎቹ በሁለቱ ጎኖች ከጭስ ማውጫው ቱቦዎች ሥር ይደበቃሉ፤ በአንድ በኩል የመሪው ዘንግ፣ ከኋላ የፍሬኑ አጋዥ ይጋርዷቸዋል። በዚህ ረገድ ስመ ጥር የሆነው ግን ከዚያ ዘመን በኋላ የወጣው የ1975 ሼቭሮሌ ሞንዛ ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር ከመቀመጫው ፈትቶ በጥቂቱ ወደ ላይ ካላነሡት ከካንዴላዎቹ አንዱ አይወጣም ነበር። ይህ ሁሉ ለአዳማ ሠልጣኝ ተረት ነው። በዚያ መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ዲዜል በመሆናቸው ካንዴላ የላቸውም፤ ነዳጃቸው የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን ትተን አስቸጋሪ ካንዴላ ያላትንና ሠራተኛው የሚያውቃትን ቮልስዋገን በምሳሌነት አስገባን። ተርጓሚ ምሳሌ የመለወጥ ሥልጣን አለውን? ይህን መመሪያ በመሰለ ሥራ አለው እንላለን።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሠራተኛው ከበስተኋላ ስለሚቆም ወደ መኪናዋ አፍንጫ የቀረቡት ቁጥር 1 እና ቁጥር 3 ከእጁ ይርቃሉ፤ የቆርቆሮው ሽፋንም ዐይን ይከለክላል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ከሁሉ ይበልጥ የሚግለው ይኸው ቁጥር 3 ነው። ቴስታታው፣ ማለት የሲሊንደሩ ክዳን፣ አሉሚኒየም ስለሆነ የካንዴላው ብረት በቀላሉ ይበላዋል። በመሆኑም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላ አይፈታም፤ ገመዱም ከቆቡ እንጂ ከራሱ ተይዞ አይጎተትም። እነዚህን ለመተርጎም አልተቸገርንም።

የተሰናከልንበት ስለ አዲሱ ካንዴላ አገባብ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ነው። መመሪያው መጀመሪያ በእጅ፣ በኋላ በቁልፍ ይላል። እኛም «ካንዴላውን በእጅ አስገብተህ አጥብቅ፤ ከዚያም በቁልፍ ጨርስ» ብለን ተረጎምነው። ረቂቁን ለሙከራ ወደ አዳማ ይዘን ሄድን፤ በአንድ ጋራዥ አንድ ሠልጣኝ እያነበበ ቁጥር 3ን መለወጥ ጀመረ። ከመጀመሪያው ዙር አንሥቶ ቁልፍ ተጠቀመ። ካንዴላው ዘሞ ገባ፤ የቴስታታውን ጥርስ በላው። ስሕተቱ የልጁ አልነበረም። ለእርሱ «በእጅ» ማለት በሞተር ወይም በአየር ኀይል በሚሠራ መፍቻ ሳይሆን በእጅ በሚዞር መሣሪያ ማለት ነበር፤ በጋራዥ ቋንቋ የእጅ ሥራ ቁልፍንም ይጨምራል። የተበላሸው ቀዳዳ ሰፍቶ፣ አዲስ ጥርስ ያለው ቀለበት ተጨምሮበት ዳነ፤ ወጪው የእኛ ሆነ።

ወደ ቢሮ ተመልሰን «በእጅ» የሚለውን «በጣት» በሚል ተካነው። ጣት ቁልፍን አይጨምርም ብለን ረክተን ነበር። በሁለተኛው ጉብኝት ግን የጋራዡ አዛውንት መካኒክ ረቂቁን አንብበው ሣቁ። «ልጆቼ፣ ቁጥር 3 ላይ የማን ጣት ይደርሳል?» አሉን። ከዚያም ከግድግዳው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አውርደው በካንዴላው ነጭ ራስ ላይ ሰኩት፤ ካንዴላውን በቱቦው ጫፍ ይዘው ወደ ጨለማው ቀዳዳ ሰደዱና ቱቦውን በሁለት ጣት አሽከረከሩት። ካንዴላው ቀጥ ብሎ ከገባ አብሮ ይዞራል፤ ዘሞ ከገባ ቱቦው በራሱ ይንሸራተታል እንጂ ጥርስ ለመብላት የሚበቃ ጉልበት የለውም። ቁልፍ የሚያስፈልገው ካንዴላው መሬት ከነካ በኋላ ነው፤ ያውም ቀለበቱ አዲስ ከሆነ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ለማጥበቅ ብቻ።

እንግዲህ «በጣት» የሚለውም በቂ አልነበረም፤ ዐረፍተ ነገሩ ማስጠንቀቅ የፈለገው ቁልፍ እንዳይነካው እንጂ ካንዴላውን የሚይዘው ምን እንደሆነ አልነበረም። በመጨረሻው እትም የሰፈረው ቃል ይህ ነው፦ «አዲሱን ካንዴላ ያለ ቁልፍ ጀምር፤ ጣት በማይደርስበት ቦታ የጎማ ቱቦ ተጠቀም፤ መሬት እስኪነካ ድረስ ቁልፍ አታስጠጋ።» ከምንጩ ዐረፍተ ነገር በእጥፍ ይረዝማል። አራሚው ለማሳጠር ሁለት ጊዜ ጠይቆን ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብለነዋል።