የመኪና ጎማ ልክ መለወጥና በአንድ ሹፌር ላይ የደረሰው ጥርጣሬ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የመሥሪያ ቤት መኪና በሚነዱና የነዳጅ ሒሳብ በሚቈጣጠሩ ሰዎች መካከል ጠብ የሚያመጣ አንድ ነገር በቅርቡ በዓይኔ ስላየሁ፣ ሌሎችም እንዲያውቁት በዚህ ዓምድ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጎረቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ናቸው። የሚነዱትም ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ነው። ባለፈው ግንቦት ወር፣ መኪናው ለሄደበት ኪሎ ሜትር ከሚገባው በላይ ነዳጅ ስለ ጨረሰ የጎደለው ዋጋ ከደመወዛቸው ይቈረጥ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው በግልጽ ሌባ አላላቸውም፤ ነገር ግን ሌላ ምን ማለት ነው? ማታ ይዘውት ወደ ቤቴ መጡና፣ «መምህር፣ እርስዎ ሒሳብ ያውቃሉና እስቲ ይህን ይዩልኝ። እኔ አንድ ጠብታ አልነካሁም። ልጆቼ ይህን ቢሰሙ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። የመመዝገቢያውን ደብተር ስናገላብጥ ግን መኪናው እስከ ጥር ወር ድረስ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ያህል ሲጨርስ ቈይቶ፣ ከየካቲት ጀምሮ በአንድ ጊዜ ወደ 12 መውጣቱን አየሁ። ነዳጅ የሚሰርቅ ሰው አንድ ወር ጥቂት፣ አንድ ወር ብዙ ይወስዳል እንጂ እንደ ደመወዝ በየወሩ እኩል አይወስድም። በየካቲት ምን እንደ ተደረገ ብጠይቃቸው «አራቱም ጎማ ተቀየረ» አሉኝ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለ ነበር መኪናውን ሄደን አየነው። ለመስክ ሥራ የሚሄድበት መንገድ ጕድጓድና ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ፣ መኪናው ከመሬት ከፍ እንዲል ተብሎ ጎሚስታው ቸርኬውንም ጎማውንም በትልቅ ለውጦታል። ከሥር የታሰረው ስኮርታ ግን የቀድሞው ነው። በስኮርታው ላይ 255/70አር15፣ በአዲሶቹ ላይ 265/75አር16 ተጽፏል። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ያመለክታል፤ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን የክብ ነገርን ዙሪያ በሲባጎ ያስለኩን ነበርና እኔም ሲባጎ አስመጣሁ። የስኮርታው ዙሪያ 2 ሜትር ከ32 ሴንቲ ሜትር፣ የአዲሱ 2 ሜትር ከ53 ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኪሎ ሜትር ቈጣሪው መንገዱን አያይም፤ የሚቈጥረው ዙር ብቻ ነው፤ ፋብሪካውም ያስተካከለው በቀድሞው ጎማ ልክ ነው። ስለዚህ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር 21 ሴንቲ ሜትር ሳይመዘገብ ይቀራል። ቈጣሪው 1,000 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናው የሄደው 1,090 ያህል ነው፤ በዚህም ላይ 120 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ተቈጣጣሪው ደግሞ ለ1,000 ኪሎ ሜትር 110 ሊትር ይጠብቃል። ተሰረቀ የተባለው 10 ሊትር ባልተመዘገበው 90 ኪሎ ሜትር ላይ ነዷል ማለት ነው።

ሰኞ በአዳማ መንገድ ለሥራ ሲወጡ በስልካቸው የሳተላይት መለኪያ እንዲያስተያዩት ነገርኋቸው። ቈጣሪው 50 ሲል ስልኩ 54 ተኩል አለ።

የፍጥነት መለኪያውም እንዲሁ ያሳንሳል። ፋብሪካዎች ጥቂት አብልጦ እንዲያሳይ አድርገው ስለሚሠሩት ከልዩነቱ ከፊሉ ይሸፈናል እንጂ፣ መለኪያው ትክክል ቢሆን ኖሮ 80 ሲያሳይ መኪናው በ87 ይበር ነበር። ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የጕልበቱና የፍሬኑ ነገር ነው። መንኰራኵሩ ሲተልቅ ያው ሞተር መኪናውን የሚገፋበት ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አስቀድሞ ደክሟል። ሹፌሩም፣ «የዓባይን በረሃ ስወጣ በሦስተኛ ማርሽ እወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በሁለተኛ ነው የምወጣው፤ መኪናው አረጀ ብዬ ነበር» አሉኝ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ደግሞ ፍሬኑም ሞተሩም መኪናውን የሚይዙበት ኃይል እንዲሁ ያንሳል፤ ቍልቍለቱም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሰው ጭነው የሚወርዱ ሰዎች ይህን ማንም አልነገራቸውም።

ከጎማዎቹ አንዱ ቢተነፍስና ያ ትንሹ ስኮርታ ቢገባ፣ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለማይዞሩ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይፋጫል። ጎማው መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን ይነካል፤ ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣም ኩሽኔታው ቶሎ ይበላል።

ጎማ ሁሉ አይለወጥ ማለቴ ግን አይደለም። ለምሳሌ በቤት መኪና ላይ 195/65አር15 ወርዶ 205/55አር16 ቢገባ የቁመቱ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ቈጣሪውም አይሳሳትም። ለማማር ተብሎ የሚደረገውም ይኸው ነው፤ የጎማው ጎን ስለሚያጥር ግን ጕድጓድ ሲገባ ቸርኬው ይጎዳል። የቁመቱ ልዩነት በመቶ ከ3 እንዳይበልጥ ነው ባለሙያዎች የሚመክሩት። በኛ ሃይሉክስ ላይ 9 ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፈን፣ ሲባጎውንም አያይዘን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቀረብን። ኃላፊው ቅን ሰው ናቸው፤ በፊታቸው አስለክተው ጥርጣሬው በደብዳቤ እንዲነሣ አደረጉ። የተቈረጠው ገንዘብ ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለ ተዘጋ አይመለስም ተብሏል። መኪናው ዛሬም በእነዚያው ጎማዎች ይሄዳል፤ ሹፌሩም በየ100 ኪሎ ሜትሩ 9 እየጨመሩ ይመዘግባሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ