የአዋጭነት ጥናት ለባለሚሊዮን ብቻ ነው?

ስለ አዋጭነት ጥናት በሰፊው የሚታመነው የትልልቅ ባለሀብቶች ጉዳይ መሆኑ ነው። ሆቴል ወይም ፋብሪካ የሚያቆም ሰው ያስጠናል፤ ሱቅ ወይም የዶሮ እርባታ የሚጀምር ግን «ገብቶ ያየዋል» ይባላል። ከዚሁ ጋር፣ ጥናት ማለት አበዳሪው ስለጠየቀ ብቻ ተጠርዞ የሚቀርብ ወረቀት ነው የሚል እምነትም አለ። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ያውም ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያጣበት ስህተት። ትልቅ ድርጅት አንዱ ሥራው ቢከስር ሌላው ያካክስለታል። የእቁብ ብር፣ እህት ከዐረብ አገር የላከችውን ገንዘብና የዘመድ ብድር አሰባስቦ የጀመረ ሰው ግን ሁለተኛ ዕድል የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ጥናቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱን ነው። ከሌላ ሰው ሰነድ ላይ ስምና አድራሻ ተቀይሮ የሚቀርበው ወረቀት ደግሞ ጥናት ሊባል አይገባም፤ መልሱ ገና ሳይጠየቅ «ያዋጣል» ነውና። እውነተኛ ጥናት «አያዋጣም» ወይም «አሁን አይሆንም» ለማለት የሚችል መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ጎረቤቴ ያለፈለት በዚህ ሥራ ነው፤ ገበያው አለ» የሚለው እምነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ለማርባት ያሰበን ሰው እንውሰድ። የተለመደው ስሌት የእንቁላሉን ቁጥር በዛሬው ዋጋ አባዝቶ መኖውን መቀነስ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ የሚጀምር ከሆነ ግን የመጀመሪያውን እንቁላል የሚያየው ወደ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ መኖውም የፈንግል ክትባቱም ከኪሱ ይወጣል። መጣል ሲጀምሩ አንዷ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ስለምትበላ፣ ሁለት መቶዎቹ በየቀኑ 23 ኪሎ ገደማ ይጨርሳሉ። ከመቶ ሰማንያው ቢጥሉ በቀን 160 እንቁላል ይሰበሰባል። እስከዚህ መልካም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባስ? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ሦስት አራተኛ ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነበር። በ55ቱ የጾም ቀናት ዶሮዎቹ 8,800 እንቁላል ይጥላሉ፤ ከ12 ኩንታል በላይ መኖም ይበላሉ። ያን ሁሉ እንቁላል ማን ይገዛዋል? በስንት? ሳይበላሽስ ስንት ቀን ይቆያል? ጎረቤት ያለፈለት ምናልባት ሆቴል በቋሚነት ስለሚረከበው ወይም ለቦታው ኪራይ ስለማይከፍል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከአጥር ውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም። ጥናቱ ሥራውን ላይከለክል ይችላል። ጫጩቶቹ በኅዳር ቢገቡ መጣል የሚጀምሩት ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያው ምርት ከጾም ጋር ሳይሆን ከፍስክ ጋር ይገናኛል። አንድ ቀን ማስላት ያተረፈው ነገር ይህን ያህል ነው።

«ዋጋ በየቀኑ በሚቀያየርበት አገር ጥናት ምን ይሠራል?» የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ዋጋ ሁሉ አርጅቷል። የጥናት ዋና ሥራ ግን የነገን ዋጋ መተንበይ አይደለም፤ ሥራው እስከ ምን ድረስ መቋቋም እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከ100 ብር ሽያጭ 65ቱ ለመኖ፣ 20ው ለሌላ ወጪ የሚሄድ ከሆነ 15 ብር ይተርፋል። የመኖ ዋጋ በሩብ ጨምሮ የእንቁላሉ ባለበት ቢቆይ፣ መኖው ብቻ ከ81 ብር ያልፋል፤ ትርፉ ጠፍቶ ኪሳራ ይጀምራል። ይህን ያወቀ ሰው ወይ መጠባበቂያ ይይዛል ወይ በ200 ፋንታ በ80 ዶሮ ይጀምራል። ዋጋው የማይረጋጋ በሆነ መጠን ስሌቱ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ ዋጋ ቢስ አይሆንም።

«ስንቱ ሳያጠና ከብሯል» ለሚሉም መልስ አለ። የከበሩት ስለሚታዩ እናወራቸዋለን፤ ከስሮ የዘጋው ታፔላው ወርዶ የሌላ ሰው ታፔላ ይሰቀልበታል፤ የሚቆጥረውም የለም። ከዚያም በላይ፣ ሳያጠኑ ከበሩ ከሚባሉት ብዙዎቹ በሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥረው የቆዩ ናቸው። ዕቃው የሚረክስበትን ወር፣ ዱቤ የማይመልሰውን ደንበኛና የሚያዋጣውን አከፋፋይ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ይህ በወረቀት ያልሰፈረ ጥናት ነው፤ በዓመታት ጉልበት የተከፈለበት።

ጥናት የግድ ውድ ባለሙያ አይፈልግም። ለአነስተኛ ሥራ መኖ ሻጭ ጋ ሄዶ ያለፈውን ዓመት ዋጋ በየወሩ መጠየቅ፣ ሊገዙ የሚችሉ ሱቆችን ዞሮ ማነጋገር፣ ወረዳው ዶሮ በዚያ ግቢ ይፈቅድ እንደሆነ ማጣራት ብዙውን ያስኬዳል። ቁጥሩ ሲደመር ግን ሁልጊዜ የምትረሳ አንዲት ወጪ አለች፦ የባለቤቱና የቤተሰቡ ድካም። ሚስት ንጋት ላይ ትመግባለች፣ ልጅ ከትምህርት መልስ እንቁላል ይሰበስባል፤ በመዝገቡ ግን ከሁለቱም ስም ፊት ዜሮ ነው። ሥራው ሰፍቶ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ትርፍ ሲባል የነበረው ብር ያልተከፈለ ደሞዝ እንደነበረ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የማስፋፊያው ብድር ተወስዷል።