የፔጆ 404 ካምቢዮ ዘይት ለምን ያንጠባጥባል?

ሐረር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ማለት ፔጆ 404 ነበር፤ ድሬዳዋም ባጃጅ መንገዷን ሳይሞላው በፊት መኪናውን በደንብ ታውቀዋለች። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ያቀረቡት፣ ቅርጹንም የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ያወጣለት ይህ መኪና በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ሰው ጭኖ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ መኪና ሌላ የጥንካሬ ምስክር አያስፈልገውም። በቆመበት ቦታ ከካምቢዮው ሥር የዘይት ጠብታ ሲተው ግን ባለቤቱም መካኒኩም «አርጅቷላ!» ብለው ያልፉታል፤ ወይም ኦይል ሲሉን፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ቀይረው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ይቀይራሉ። ሁለቱም መንገድ አያዋጣም። ዘይቱ የሚወጣበት ምክንያት አለው፤ ብዙውን ጊዜም ጥፋቱ ያለው ኦይል ሲሉ ላይ ሳይሆን ጎማው በሚያርፍበት ብረት ላይ ነው።

ኦይል ሲል በውስጥ በኩል ቀጭን የጎማ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩን ዙሪያውን አቅፋ ዘንጉ ላይ የምታጣብቀው ደግሞ ትንሽ ሞላ ነች። ዘንጉ በተሽከረከረ ቁጥር ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ ይፋተጋል። አቧራ ሲጨመርበት ጎማው ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላውና ጥፍር የሚይዘው ቀለበት ቅርጽ ያለው ቦይ ያወጣል። አዲሱ ኦይል ሲል እዚያው ቦይ ውስጥ ከተቀመጠ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘይት ያሳልፋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቦታ ካለው ኦይል ሲሉን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቶ ከንፈሩን ያልተበላ ብረት ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ ካልሆነ ዘንጉን ለቶርኖ ባለሙያ ሰጥቶ ቀጭን የብረት ቀለበት ማልበስ ነው። ኩሽኔታው ላልቶ ዘንጉ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የትኛውም ኦይል ሲል አይቆምለትም፤ መጀመሪያ ኩሽኔታው ይቀየራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚታይ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ እሱም የካምቢዮው መተንፈሻ ቀዳዳ ነው። ካምቢዮ ሲሠራ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። በ30 ዲግሪ የነበረ አየር መውጫ አጥቶ 90 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ከድሬዳዋ ወጥቶ ወደ ዋሂል ገጠር የሚመላለስ መኪና አቧራውም ሙቀቱም አይለቀውም፤ አቧራው ከዘይት ጋር ተጋግሮ ቀዳዳውን ሲደፍነው ግፊቱ ጤነኛውን ኦይል ሲል አልፎ ዘይቱን ያስወጣል። ያኔ ኦይል ሲል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦና በቤንዚን ማጽዳት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅም ካምቢዮውን ከሥሩ አጥቦ ማድረቅ፣ የሕፃናት ፓውደር መነስነስ፣ ጥቂት ነድቶ መመለስና እርጥበቱ በነጩ ዱቄት ላይ ከየት እንደጀመረ መከተል ነው። ከፊት በኩል የወጣው ዘይት ጥቁር ከሆነ ከሞተሩ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የካምቢዮ ዘይት ጥላሸት ስለማይገባበት እንዲያ አይጠቁርም።

«ወፍራም ዘይት ብጨምርበት ያቆም የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ፔጆ ለዚህ ካምቢዮ ያዘዘው የሞተር ዘይት ነው፤ በጣም የወፈረ ዘይት ጠባብ ቦታዎች ጋ ቶሎ አይደርስም፣ ማርሽ ማስገባትም ያስቸግራል። ከዚህ የከፋው የዲፈረንሻሉ ጉዳይ ነው። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በሁለት የብረት ጥርሶች አይሠራም፤ የብረት ጠመዝማዛ ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ለከባድ መኪና በተሠሩት አንዳንድ ወፍራም ዘይቶች ውስጥ ያለው የድኝ ቅመም ደግሞ ሲሞቅ ነሐስን ይበላል። ጠብታ ለማስቆም ተብሎ ባገኙት ዘይት መሙላት ተተኪ የሌለውን ጥርስ እስከ ማጥፋት ያደርሳል። የጎደለውን ዘይት እየጨመሩ መንዳቱም ቢሆን ርካሽ የሚመስለው ከፊት በኩል የሚወጣው ዘይት ፍሪሲዮኑን እስኪያረጥበው ነው። ያኔ መኪናው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አይሄድም።

ሌላው ተቃውሞ መለዋወጫ የለም የሚለው ነው። ለብዙው ዕቃ እውነት ነው፣ ለኦይል ሲልና ለኩሽኔታ ግን አይሠራም። ሁለቱም የሚሸጡት በመኪና ስም ሳይሆን በልክ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ ከታወቀ ከጃፓን ወይም ከጀርመን መኪና የመጣ ኦይል ሲል ለፔጆ ይገጥማል። ድሬዳዋ ደግሞ የቶርኖ ከተማ ነች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ የባቡሩ ጋራዥ ብረት የሚቆርጡና የሚያስተካክሉ እጆች አፍርቷል።

«ታዲያ የቶዮታ ካምቢዮ ገጥሞ መገላገል ነዋ» የሚሉም አሉ። በሌላ መኪና ያዋጣ ይሆናል። በ404 ግን ካርዳኑ ከካምቢዮው እስከ ኋላ ዘንግ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ የኋላው ጎማ መኪናውን ሲገፋ ግፊቱን የሚያስተላልፈውም ይኸው ቱቦ ነው። ካምቢዮውን የለወጠ ቱቦውንም የኋላውን ዘንግም ሊለውጥ ነው። ካምቢዮውን ለመፍታትም የኋላውን ዘንግ ወደ ኋላ መሳብ ይጠይቃል፤ ከባዱ ወጪ ይኸው የጉልበት ሥራ ነው እንጂ የኦይል ሲል ዋጋ አይደለም። ስለዚህ አንዴ ከወረደ የፊቱም የኋላውም ኦይል ሲል፣ የላላው ኩሽኔታና የፍሪሲዮኑ ዲስክ አብረው ይታዩ። ሲሞላም መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ በጎን ካለው ታፖ አፍ እስኪፈስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ተመልሶ መሬት ላይ ይወርዳል።