ኑግ ያለ ንብ

መርካቶ እህል በረንዳ ውስጥ ኑግ ገዢ ጆንያው ሲፈታለት መጀመሪያ እፍኝ ዘግኖ እፍ ይላል። ሞልቶ የጠቆረው ፍሬ መዳፉ ላይ ይቀራል፤ ባዶው ገለባ ይበንናል። ገለባው ከበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ወቀሳውም ዝናቡ ላይ፣ አፈሩ ላይ ወይም አቅራቢው ላይ ያርፋል። የንብ ነገር እምብዛም አይነሳም፤ መነሳት ግን ነበረበት።

ኑግ የአገራችን ደጋና ወይናደጋ ተወላጅ ነው። ጎጃምና ወለጋ በሰፊው ያመርቱታል፤ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው፤ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ደግሞ ለከብት ይውላል። ከመስከረም ወዲህ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው አበባ አንድ ይምሰል እንጂ፣ መሀሉ ላይ ከ40 የማያንሱ ጥቃቅን አበቦች ታጭቀዋል። እያንዳንዳቸው የሚሰጡት አንድ ፍሬ ብቻ ነው፤ እሱም ርክበ ብናኝ ከተካሄደ፣ ማለትም የወንዴ ብናኝ የሴቴው ጫፍ ላይ ከደረሰ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኑግ የራሱን የወንዴ ብናኝ አይቀበልም። ከዚያው ተክል የመጣ ብናኝ የሴቴው ጫፍ ላይ ቢያርፍ ተክሉ ይለየዋል፤ ወደ እንቁላሉ እንዳይዘልቅም ያግደዋል። ስለዚህ ብናኙ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት። ብናኙ የሚያጣብቅ በመሆኑ ነፋስ ብዙ አይረዳም። ንብ ግን በአንድ ጉዞዋ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓይነት አበባ ስለማትወጣ፣ ከኑግ የያዘችውን ለኑግ ታደርሳለች። «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሁለቱ አይገናኙም፤ ሰሊጥ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎችም ንብ የጎበኘው ኑግ ንብ ካልደረሰበት የተሻለ ፍሬና ዘይት እንደሚሰጥ አሳይተዋል።

ያለ ንብ ዘር ለማይዝ ተክል በዓለም ላይ የታወቀው ምሳሌ የከብት መኖው ማገጥ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ንቦች የጎበኟቸውን 20 የነጭ ማገጥ አበባ ራሶች ቆጥሮ 2,290 ፍሬ አገኘ፤ ንብ እንዳይደርስባቸው ከሸፈናቸው 20 ራሶች ግን አንድም አላገኘም። ቀይ ማገጥ ደግሞ ይብሳል፤ አበባው ጥልቅ ስለሆነ የማር ንብ ምላስ ወለላው ጋ ለመድረስ ይቸገራል። ኒውዚላንድ የገቡ እንግሊዛውያን ገበሬዎች ቀይ ማገጥ ዘርተው ዘሩ አልያዝ ቢላቸው፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ምላሰ ረጅሞቹ ፀጉራም ንቦች ከእንግሊዝ በመርከብ መጡላቸው። ንቦቹ ተባዙ፤ ማገጡም ዘር ያዘ።

እኛ ንብ በመርከብ ማስመጣት አያስፈልገንም። ኑግ ሲያብብ የሚሠራው ማር በኅዳር ይቆረጣል፤ ማሩ ለጠጅ፣ ፍሬው ለዘይት ሆነው ሁለቱም መርካቶ ይገባሉ። ይሁንና በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ንቡን ከነቀፎው እየጎዳ ነው። ንብ አርቢው ብቻ የተጎዳ ይመስላል፤ ጎረቤቱ ኑግ አምራችም አብሮ ይከስራል። ስለዚህ ኑግ አብቦ ሳለ መርጨት የግድ ከሆነ፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይረጭ፤ ለቀፎ ባለቤቶችም ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸው።